የወደቀ አክሲዮን ይነሣል ወይ?
የምድር ባቡሩ ታሪክ ከጨርጨር ተራሮች ግርጌ ሲታይ

ከጭሮ፣ በቀድሞ ስሟ ከአሰበ ተፈሪ፣ ወደ አዋሽ የሚወስደው የመኪና መንገድ የጨርጨርን ተራራ እየተጠማዘዘ ወርዶ ቆላውን ሲነካ ሚኤሶ ከተማን ያገኛል። ሚኤሶ ከብዙዎቹ የምዕራብ ሐረርጌ ከተሞች የምትለይበት አንድ ነገር አላት። ይኸውም በመቶ ዓመት ልዩነት ሁለት የምድር ባቡር መስመሮች በደጃፏ ያለፉ መሆናቸው ነው። የመጀመሪያው፣ የሐዲዱ ስፋት አንድ ሜትር የሆነውና በእንፋሎት ኃይል ሥራውን የጀመረው የጅቡቲ–አዲስ አበባ መስመር ነው። ሁለተኛው፣ ስፋቱ 1.435 ሜትር የሆነውና በኤሌክትሪክ ኃይል የሚሠራው አዲሱ መስመር ነው። በመጀመሪያው ላይ በዚያ በኩል ዛሬ ባቡር አይሄድም፤ በሁለተኛው ላይ ይሄዳል።

ሁለቱም በየዘመናቸው አገሪቱ ካየቻቸው ታላላቅ የቴክኒክ ሥራዎች መካከል ነበሩ። ሁለቱም የተሠሩት በአብዛኛው ከውጭ በመጣ ገንዘብ ነው። የመጀመሪያው ግን ከሁለተኛው የሚለይበት ጠባይ ነበረው። በአውሮፓ ገበያ አክሲዮኑ ለሕዝብ የተሸጠ፣ ተስፋውም ሥጋቱም በወረቀት ላይ በሰፈረ ዋጋ የሚለካ ድርጅት ነበር። የቴክኖሎጂ ኩባንያ አክሲዮን ዋጋው ካሽቆለቆለ በኋላ ተመልሶ ይነሣል ወይስ ወድቆ ይቀራል የሚለው ጥያቄ፣ በዛሬ ጊዜ ስለ ኮምፒዩተርና ስለ ስልክ ኩባንያዎች ብቻ የሚነሣ ይመስላል። በመሠረቱ ግን በኢትዮጵያ ምድር ላይ ከመቶ ዓመት በፊት ተነሥቶ መልሱንም ያገኘ ጥያቄ ነው። ስለዚህ የምድር ባቡሩን ታሪክ በዚህ ዓይን መመርመር ለሞያው ባልደረቦች ጥቅም ይኖረዋል። በዚህ ጽሑፍ የአገር ውስጥ ጉዳዮች በኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር፣ የውጭዎቹ ደግሞ በአውሮፓውያን ተመልክተዋል።

ወረቀቱና ሐዲዱ

ዐፄ ምኒልክ ለስዊሱ መሐንዲስ ለሙሴ አልፍሬድ ኢልግ የምድር ባቡር ሥራ ፈቃድ የሰጡት መጋቢት 1 ቀን 1886 ዓ.ም. ነበር። ፈቃዱ ለ99 ዓመት የሚጸና ሲሆን፣ መንገዱ በሦስት ክፍል ተመድቦ ነበር። የመጀመሪያው ከጅቡቲ እስከ ሐረር፣ ሁለተኛው ከሐረር እስከ እንጦጦ፣ ሦስተኛው ከእንጦጦ ወደ ከፋና ወደ ነጭ ዓባይ የሚዘልቅ ነበር። ኢልግ ከፈረንሳዊው ሸሪካቸው ከሙሴ ሌዎን ሼፍኔ ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ1896 በፓሪስ ኩባንያውን አቋቋሙና አክሲዮኑን ለገበያ አቀረቡ።

የፓሪስ ገበያ ግን በዚያን ጊዜ ገና ያልዳነ ቁስል ነበረበት። የስዌዝን ቦይ በመሥራት ስሙ የገነነው ፈርዲናንድ ደ ሌሴፕስ ለፓናማ ቦይ ባቋቋመው ኩባንያ ላይ እጅግ ብዙ ፈረንሳውያን ቁጠባቸውን አፍስሰው፣ ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1889 ከስሮ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሰባት ዓመት ብቻ ቆይቶ ከፓናማ ይልቅ ስሙ እምብዛም ያልተሰማ አገር ውስጥ ለሚሠራ ሐዲድ ገንዘብ አውጡ ሲባል፣ ገዢው የሚፈለገውን ያህል አልሆነም። እንግዲህ ኩባንያው ከተወለደበት ቀን ጀምሮ የሚያስፈልገው ገንዘብ በእጁ አልነበረም። የጐደለውን በብድር ሰነድ መሙላት ግድ ሆነበት። ይህ ነጥብ ኋላ ለደረሰው ሁሉ መነሻ ስለሆነ አንባቢ ልብ ሊለው ይገባል።

ሥራው በ1890 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ከጅቡቲ ተጀመረ። ምድሩ ውሃ የሌለው በረሃ ነው። ለእንፋሎት ሞተር ውሃ ማለት ነዳጅ የመሆኑን ያህል ነው። ሐዲዱ በጥልቅ ሸለቆዎች ላይ ድልድይ እየተሠራለት፣ ከባሕር ወለል ተነሥቶ ወደ ደጋው መውጣት ነበረበት። ወደ ሐረር ከተማ ለመድረስ የሚያስፈልገው የተራራ ላይ ሥራ ከኩባንያው አቅም በላይ መሆኑ ስለታወቀ፣ መስመሩ ሐረርን ትቶ በተራራው ግርጌ እንዲያልፍ ተወሰነ። በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ባቡሩ ከጅቡቲ 311 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በድሬዳዋ ደረሰ። ድሬዳዋም በዚሁ ምክንያት ተቆረቆረች። በዚያም ገንዘቡ አለቀ።

የውድቀቱ ሒሳብ

መስመሩ በሙሉ 784 ኪሎ ሜትር የሚሆን ነው። ድሬዳዋ ላይ ሲቆም ከርዝመቱ ሁለት አምስተኛው ተሠርቷል ማለት ነው። ነገር ግን የምድር ባቡር ገቢ ከርዝመቱ ጋር እኩል እየተመተረ አይመጣም። ከሸዋና ከምዕራብ የሚመጣው ጭነት ድሬዳዋ እስኪደርስ ድረስ በበቅሎና በግመል መጓዝ ነበረበት። ነጋዴው ከሁለቱ መንገዶች አንዱን ይመርጣል፤ ወይ በአዋሽ በረሃ በኩል በግመል፣ ወይ በጨርጨር ደጋ በኩል በበቅሎ። ከዚያ በኋላ የቀረውን መንገድ በሐዲድ ለመሄድ ዕቃን አራግፎ እንደገና መጫን ያስፈልጋል። የቅፍለቱ ኪራይ እንዳለ ሆኖ የባቡሩ ኪራይ ሲጨመርበት፣ ለብዙው ነጋዴ ቁጠባው ያን ያህል አልታየውም።

በሌላ በኩል የኩባንያው ወጪ በጭነቱ መጠን የሚቀንስ አልነበረም። የሐዲድ፣ የድልድይ፣ የጣቢያና የጥበቃ ወጪ አንድ ባቡር ቢሄድም ዐሥር ቢሄዱም ብዙ ልዩነት የለውም። የብድሩም ወለድ ቀኑን ጠብቆ ይመጣል። መሐንዲሶች ይህን ጠባይ በግድብም፣ በስልክ መስመርም፣ በፋብሪካም ላይ ያውቁታል። መጀመሪያ የሚፈሰው ገንዘብ እጅግ ብዙ ሆኖ፣ ከዚያ በኋላ እያንዳንዱን ተጨማሪ ኩንታል ለማጓጓዝ የሚወጣው ግን ጥቂት ነው። እንዲህ ያለው ድርጅት ጭነቱ ከአንድ ወሰን ካለፈ ትርፉ በፍጥነት ይወጣል። ከወሰኑ በታች ከሆነ ደግሞ ኪሣራው በዚያው ፍጥነት ይወርዳል። የቴክኖሎጂ አክሲዮን ከሌላው ይበልጥ የሚዋዥቅበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ሦስተኛው ችግር የመንግሥታት ጉዳይ ነበር። የእንግሊዝ ባለገንዘቦች በኩባንያው ውስጥ እየገቡ መሄዳቸው ያሳሰበው የፈረንሳይ መንግሥት፣ እ.ኤ.አ. በየካቲት 1902 ከኩባንያው ጋር ውል ተዋውሎ በየዓመቱ 500,000 ፍራንክ ለ50 ዓመት ድጎማ ለመስጠት ተስማማ። በዚህም ምትክ በኩባንያው ላይ የመቆጣጠር ሥልጣን አገኘ። ድጎማው ለባለአክሲዮኑ የምሥራች መስሎ ታይቶ ሊሆን ይችላል። ዳሩ ግን ዐፄ ምኒልክ ለአንድ የግል ኩባንያ የሰጡት ፈቃድ ያለ እርሳቸው ዕውቀት ወደ ውጭ መንግሥት እጅ መግባቱን ሲሰሙ አልተቀበሉትም። ሐዲዱ ከድሬዳዋ ወደ አዲስ አበባ እንዲቀጥልም ሳይፈቅዱ ቀሩ። የእንግሊዙ ልዑክ ሃሪንግተን ደግሞ መስመሩ የፈረንሳይ ብቻ ከመሆን ይልቅ የብዙ መንግሥታት እንዲሆን ይገፋ ነበር። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1906 እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ኢጣልያ ስለ ኢትዮጵያ በተዋዋሉት ስምምነት ውስጥ የምድር ባቡሩ ጉዳይ አንድ ዐቢይ አንቀጽ ሆኖ መግባቱ የነገሩን ክብደት ያሳያል። በዚህ ሁሉ መካከል ኩባንያው ዕዳውን መክፈል ተስኖት ፈረሰ።

ሁለቱም ትክክል የነበሩበት ክርክር

ለአንድ አፍታ በ1898 ዓ.ም. ላይ ቆሞ የዚያን ኩባንያ አክሲዮን በእጁ ይዞ የሚያስብ ሰው ምን ሊል ይችል እንደነበር መገመት አያዳግትም። አንዱ ወገን ይነሣል ይላል። ምክንያቱም የኢትዮጵያ ንግድ እያደገ ነው፤ የመንግሥቱ መናገሻ አዲስ አበባ ላይ ረግቷል፤ ከዚያ ወደ ባሕር የሚወስድ ከዚህ የተሻለ መንገድ አልተገኘም፤ ግማሹ ሥራ ተሠርቶ የቆመ ሐዲድ ደግሞ ተጥሎ አይቀርም። ሌላው ወገን አይነሣም ይላል። ምክንያቱም ዕዳው ከገቢው በላይ ነው፤ የሥራ ፈቃዱ ታግዷል፤ የሚጨምር ገንዘብ የለም።

ታሪክ ለሁለቱም ፈረደላቸው። ሐዲዱ ተነሣ፤ ኩባንያው ግን አልተነሣም። በጥር 1900 ዓ.ም. የዐፄ ምኒልክ ሐኪም በነበሩት በዶክተር ቪታልየን ስም አዲስ ፈቃድ ተሰጠ። በኢንዶቺን ባንክ ድጋፍ የፍራንኮ ኢትዮጵያ የምድር ባቡር ኩባንያ የሚባለው አዲስ ድርጅት ተቋቁሞ ሥራውን ቀጠለ። መስመሩ አፍደምን፣ ሚኤሶን፣ አሰቦትንና አዋሽን አልፎ፣ ንግሥት ዘውዲቱ በነገሡ በመጀመሪያው ዓመት ግንቦት 30 ቀን 1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። ከባሕር ወለል ተነሥቶ ከ2,300 ሜትር በላይ የወጣ መንገድ ነው። የመጀመሪያው ፈቃድ ከተሰጠበት ቀን አንሥቶ 23 ዓመት ፈጅቷል። በፓሪስ ባቡሩ አዲስ አበባ ይገባል ብለው የገመቱ ሰዎች ግምታቸው አልተሳሳተም። የተሳሳቱት፣ ባቡሩ ከገባ የያዙት ወረቀትም አብሮ ይገባል ብለው ማሰባቸው ላይ ነበር።

ከዚህ የሚገኘው የመጀመሪያው ትምህርት ይህ ነው። የቴክኖሎጂው ዕድል፣ የኩባንያው ዕድልና የባለአክሲዮኑ ዕድል ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በደግ ጊዜ ሦስቱ አብረው ስለሚጓዙ አንድ ይመስላሉ፤ የሚለያዩት በክፉ ጊዜ ነው።

የከተሞቹ ድርሻ

በዚህ ሒሳብ ውስጥ አራተኛ ወገን አለ። እርሱም በመንገዱ ዳርና ዳር የሚኖረው ሕዝብ ነው። ሐዲዱ በጨርጨር ተራሮች ግርጌ ካለፈ በኋላ የደጋው ቡና፣ ቆዳና እህል ወደ ጅቡቲ የሚወርድበት በር ተከፈተለት። በ1910ዎቹ ዓ.ም. የጨርጨር ገዥ ሆነው የተሾሙት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም፣ በሩሲያ የተማሩና ኋላም የ1923 ዓ.ም.ን ሕገ መንግሥት ያረቀቁ ሰው ናቸው። ግዛቱን የአስተዳደር አርአያ ለማድረግ ሲነሡ አሰበ ተፈሪን ዋና ከተማ አድርገው ቆረቆሯት። ስሟም በዘመኑ አልጋ ወራሽ በነበሩት በራስ ተፈሪ ተሰየመ። ከተማዋ በደጋው ላይ ብትሆንም ከቆላው የባቡር ጣቢያ እጅግ የራቀች አልነበረችም። ከሂርና፣ ከበዴሳና ከገለምሶ በኩል ያለው የቡና አገር ገበያ የሚያገኘው ወደ ሐዲዱ የሚወርድ መንገድ ሲኖረው ነበር።

ይህ ሁሉ ጥቅም ግን በማንም አክሲዮን ላይ አልተጻፈም። የመጀመሪያው ኩባንያ ባለአክሲዮን ገንዘቡን አጥቶ፣ የጨርጨር ገበሬ ደግሞ የቡናውን ገበያ አገኘ። ሰፊ ጥቅም የሚሰጡ የቴክኒክ ሥራዎች ሁልጊዜ ለአሠሪዎቻቸው ትርፍ ያስገኛሉ ማለት አይቻልም። ስለዚህ አንድ መሣሪያ ወይም አንድ መሥመር ለሕዝቡ እጅግ ጠቃሚ መሆኑ ብቻውን አክሲዮኑ ይነሣል ለማለት በቂ ማስረጃ አይሆንም። ጥቅሙ በማን ኪስ ይገባል የሚለውን መጠየቅ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ከፍታና ሁለተኛው ቁልቁለት

አዲሱ ኩባንያ አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ አብዛኛው የአገሪቱ የውጭ ንግድ በእርሱ እጅ ስለገባ ሀብታም ሆነ። የጭነት ኪራዩ ውድ ነው ተብሎ ቢወቀስም ሌላ አማራጭ አልነበረም። የአክሲዮኑም ክብር ከገንዘብ አልፎ የመንግሥታት መደራደሪያ እስከመሆን ደረሰ። እ.ኤ.አ. በጥር 1935 ላቫልና ሙሶሊኒ በሮማ ሲዋዋሉ፣ ፈረንሳይ ለኢጣልያ ከለቀቀቻቸው ነገሮች አንዱ የዚሁ ኩባንያ 2,500 አክሲዮን ነበር። ከዓመት በኋላ ኢጣልያ አዲስ አበባን ያዘች። ከነጻነት በኋላም በኅዳር 1952 ዓ.ም. በተፈረመው ውል የኢትዮጵያ መንግሥት የኩባንያው ግማሽ ባለቤት ሆነና ዋና መሥሪያ ቤቱ ከፓሪስ ወደ አዲስ አበባ ተዛወረ።

የዚህ ከፍታ መሠረት ግን አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ተወዳዳሪ አለመኖሩ። የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን በ1943 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ የመኪና መንገዶች ሲሰፉና የአሰብ ወደብ ሲጠናከር፣ ያ መሠረት ቀስ በቀስ ተሸረሸረ። በአንድ ቀን የሆነ ነገር አልነበረም። እያሳሳቀ ይወስዳል ውሃ እንደሚባለው፣ የጭነት መኪናው በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት እየወሰደ ሄደ። በ1969 ዓ.ም. መጨረሻ በሶማሊያ ጦርነት ድልድዮች ፈርሰው መስመሩ ተቋረጠ። ከጦርነቱ በኋላ ተጠግኖ፣ ነጻ ከወጣችው ጅቡቲ ጋር በጋራ የሚተዳደር ድርጅት ሆኖ ቀጠለ። በጥር 1977 ዓ.ም. ከአዋሽ አጠገብ በደረሰው አደጋ ባቡሩ ከድልድይ ወደ ገደል ወድቆ ከ400 በላይ ሰዎች አለቁ። ይህ በትርፍና በኪሣራ ሒሳብ የማይመዘን ሐዘን ነው።

ከሁሉ የበለጠ ትምህርት የሚሰጠው ግን በ1990 ዓ.ም. የሆነው ነው። የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ሲነሣ የአሰብ ወደብ ተዘጋ። የአገሪቱ የውጭ ንግድ ከሞላ ጐደል በሙሉ ወደ ጅቡቲ ዞረ። ምድር ባቡሩ በዘመኑ ሁሉ ያላገኘው ጭነት በደጁ ቆመለት። አንድ ሰው በዚያች ቀን፣ «ፍላጎቱ ተመልሷልና ድርጅቱም ይመለሳል» ብሎ ቢፈርድ ማን ይቃወመው ነበር? ነገር ግን ሎኮሞቲቮቹ አርጅተው፣ ሐዲዱ ተበልቶ፣ ድልድዮቹ ደክመው ነበር። ጭነቱን የወሰዱት በአፋር በኩል የሚመላለሱ የጭነት መኪናዎች ሆኑ። የአውሮፓ ኅብረት ለእድሳት ገንዘብ ቢሰጥም ሥራው ሳይሳካ ቀረ። በ2000 ዓ.ም. ገደማ የአዲስ አበባና የድሬዳዋ ጉዞ ቆመ። በጣቢያዎቹ ዙሪያ የተመሠረቱት የቆላ ከተሞችም ከፉጨቱ ጋር የሚመጣውን ገበያቸውን አጡ። እንግዲህ የገበያ ፍላጎት መመለስ አንድ ነገር ነው፤ ያን ፍላጎት ለመሸከም የሚችል አካል መኖር ሌላ ነገር ነው።

የባሕር ማዶ ምሳሌዎች

ይህ ታሪክ የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ የራዲዮ ኩባንያ የነበረው አር ሲ ኤ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ከሁሉ የበለጠ የተወደደ አክሲዮን ነበር። ከ1929 ውድቀት በኋላ እስከ 1932 ድረስ ከዋጋው ከ90 በመቶ በላይ አጣ። ራዲዮን የማይሰማ ቤት እየጠፋ በሄደበት ዘመን ሳይቀር ባለአክሲዮኑ የድሮውን ዋጋ መልሶ ለማየት ረጅም ዘመን መጠበቅ ነበረበት።

በኢንተርኔት ዘመን መጀመሪያም እንዲሁ ሆኗል። የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች የሚበዙበት የናስዳክ መለኪያ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2000 ከ5,000 በላይ ከወጣ በኋላ፣ በጥቅምት 2002 ወደ 1,100 ገደማ ወረደ። የቀድሞውን ከፍታ የያዘው በ2015 ነው። አማዞን የተባለው ኩባንያ በዚያ ውድቀት ከ90 በመቶ በላይ ዋጋውን አጥቶ ኋላ ከቀድሞው እጅግ ከፍ ብሎ ተነሥቷል። ግሎባል ክሮሲንግ የተባለው ደግሞ በባሕር ሥር የዘረጋው የመገናኛ ገመድ ሥራውን እየሠራ፣ ኩባንያው ግን በ2002 ከስሮ የባለአክሲዮኖቹ ወረቀት ዋጋ አጣ። የግሎባል ክሮሲንግ ነገር የድሬዳዋን ሐዲድ ታሪክ በቁሙ የደገመ ነው። አማዞን ከእነርሱ የተለየው፣ በውድቀቱ ጊዜ ደንበኞቹ እየበዙ፣ ዕዳውን የሚሸከምበትም ጥሬ ገንዘብ አስቀድሞ በእጁ ይዞ በመገኘቱ ነው።

የመመዘኛ ጥያቄዎች

ከዚህ ሁሉ በመነሣት፣ ወድቆ በተገኘ የቴክኖሎጂ አክሲዮን ላይ ፍርድ ለመስጠት የሚከተሉትን ጥያቄዎች በቅደም ተከተል መመለስ ይገባል።

አንደኛ፣ የወደቀው ዋጋው ብቻ ነው ወይስ ሥራውም? በ1990 ዓ.ም. ምድር ባቡሩን መመዘን የሚገባው ወደብ ላይ በቆመው ጭነት ሳይሆን፣ ሊንቀሳቀሱ በሚችሉት ሎኮሞቲቮች ቁጥር ነበር። ለዛሬው ኩባንያም የተጠቃሚው ቁጥር፣ የመሣሪያው ዕድሜና የባለሞያዎቹ መቆየት ከዋጋው ሰንጠረዥ ይልቅ ይናገራሉ።

ሁለተኛ፣ ከባለአክሲዮኑ በፊት ስንት ሰው ይሰለፋል? ኩባንያ ሲቸገር በመጀመሪያ የሚከፈለው አበዳሪ ነው፤ ባለአክሲዮን የሚደርሰው ከሁሉ በኋላ ነው። ዕዳው ከባድ ከሆነ፣ ኩባንያው ቢያገግም እንኳ የማገገሙ ፍሬ ለሌላ ሰው ይሆናል። አዲሱም መስመር ቢሆን ከዚህ ሕግ አላመለጠም። ለግንባታው ከቻይና የተወሰደው ብድር መክፈያው ከ10 ወደ 30 ዓመት እንዲራዘም እ.ኤ.አ. በ2018 ስምምነት መደረጉ ይታወቃል።

ሦስተኛ፣ የሥራው ፈቃድ በማን እጅ ነው? የ1894 ዓ.ም. ድጎማ የገንዘቡን ቀዳዳ ሲደፍን የንጉሠ ነገሥቱን እምነት ቀደደ። በመንግሥት ፈቃድ የሚኖር ድርጅት ሒሳቡ ቢያምርም ፈቃዱ ከተናጋ አይነሣም።

አራተኛ፣ የቀድሞው ትርፍ ከምን የመጣ ነበር? ከጥሩ አሠራር ከሆነ ሊመለስ ይችላል። ተወዳዳሪ ካለመኖሩ ብቻ ከሆነና ተወዳዳሪው አንድ ጊዜ ከገባ ግን ያ ዘመን አይመለስም።

አምስተኛ፣ ለመመለስ የሚያስፈልገው ዕድገት ስንት ነው? እዚህ ላይ ሒሳቡ ከስሜት ጋር ይጋጫል። በ1,000 ብር የተገዛ አክሲዮን 200 ብር ቢገባ ኪሣራው 80 በመቶ ነው። ወደ ነበረበት ለመመለስ ግን 80 በመቶ ሳይሆን 400 በመቶ ማደግ አለበት። በየዓመቱ ሳያቋርጥ 10 በመቶ ቢያድግ እንኳ 17 ዓመት ያህል ይፈጃል። በዚያ ሁሉ ዘመን ውስጥ የብር የመግዛት አቅም ራሱ እንደነበረ አይቆይም። ስለዚህ የድሮው ዋጋ የታሪክ ምልክት እንጂ ወደፊት የሚያደርስ መንገድ አይደለም። ገዢው በስንት እንደገዛው ኩባንያው አያውቅም። መጠየቅ ያለበት፣ «ይህ ሰው ዛሬ 200 ብር በእጁ ቢኖረው ይህንኑ አክሲዮን ይገዛ ነበር ወይ?» የሚለው ነው። መልሱ አይደለም ከሆነ፣ የሚጠብቀው ከተስፋ በቀር ሌላ ምክንያት ስለሌለው ነው።

በተቃራኒው፣ ዋጋው ስለወረደ ብቻ ሁሉም የሚያጣጥለው አክሲዮን መጥፎ ነው ማለት አይደለም። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል። በ1900 ዓ.ም. የተቋረጠውን የድሬዳዋን ሐዲድ ያዩ ብዙዎች ይቀራል ብለው ሊያስቡ ይችሉ ነበር፤ አዲስ ገንዘብ ይዘው የገቡት ግን ከዘጠኝ ዓመት በኋላ አዲስ አበባ ገቡ። ሥራው ሕያው፣ ዕዳው ቀላል፣ ፈቃዱ የጸና ሆኖ ዋጋው ብቻ የወደቀ ድርጅት ሲገኝ መፍራት ከመድፈር ያልተናነሰ ስሕተት ይሆናል።

ዛሬ በጭሮ

ይህ ጉዳይ አሁን የታሪክ ብቻ ሆኖ የማይቀርበት ምክንያት አለ። በ1957 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተጀመረው የአክሲዮን መገበያያ ከአብዮቱ በኋላ ባንኮች፣ ኢንሹራንሶችና ፋብሪካዎች በ1967 ዓ.ም. ሲወረሱ ተዘግቷል። ያን ጊዜ አክሲዮን የነበራቸው ሰዎች ወረቀታቸው በገበያ ዋጋ ሳይሆን በአዋጅ ወደቀባቸው። ከዚያ ወዲህ አንድ ሙሉ ትውልድ የአክሲዮን ዋጋ በይፋ ሲወጣና ሲወርድ ሳያይ ኖረ። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም 100 ሚሊዮን አክሲዮኖችን እያንዳንዱን በ300 ብር በስልክ አማካይነት ለሕዝብ ለሽያጭ አቀረበ። ሽያጩ በየካቲት ሲዘጋ ከ47 ሺህ በላይ ሰዎች ከ10 ሚሊዮን የሚበልጡ አክሲዮኖችን ገዝተው ነበር። በጥር 2017 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ተከፍቶ ወጋገን ባንክ በመዝገቡ የመጀመሪያው ሆነ።

ስለዚህ በጭሮም፣ በገለምሶም፣ በሂርናም ያለ መምህር ወይም የመንገድ መሐንዲስ ከደመወዙ የቆጠበውን ገንዘብ በእጅ ስልኩ የኩባንያ ባለቤትነት ሊገዛበት የሚችልበት ጊዜ መጥቷል። ይህ መልካም ነገር ነው። ዳሩ ግን አንድ ቀን አንዱ አክሲዮን ሲወድቅ ማየቱ አይቀርም። በዚያን ቀን በቡና ቤቱ ሁለት ድምፅ ይሰማል፤ አንዱ ይመለሳል ይላል፣ ሌላው አበቃ ይላል። ሁለቱም አክሲዮኑን እንጂ ድርጅቱን ሳያዩ የሚናገሩ ከሆነ የፓሪስን ክርክር መድገማቸው ነው። መሐንዲስ ከሌላው ሰው የሚሻልበት አንድ ዕድል አለው። ማሽኑ ይሠራል አይሠራም፣ ድልድዩ ስንት ዓመት ይቆማል፣ የተባለው ሥራ በተባለው ገንዘብ ይጠናቀቃል አይጠናቀቅም የሚለውን በዓይኑ አይቶ መመርመር ይችላል። የሚሳሳተው ይህን ዕውቀቱን ቤቱ ትቶ ወደ ገበያ ሲወጣ ነው። ወይም ደግሞ ማሽኑን ስለወደደ ብቻ የዕዳውን መዝገብ ሳይገልጥ ሲቀር ነው።

አዲሱ መስመር መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ተመርቆ በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. መደበኛ አገልግሎቱን ጀምሯል። ሁለት የቻይና ተቋራጮች ከሰበታና ከጅቡቲ ወገን እየሠሩ መጥተው ድርሻቸው የተገናኘው በዚያችው በሚኤሶ ነው። ባለቤትነቱ የኢትዮጵያና የጅቡቲ መንግሥታት እንጂ እንደ ቀድሞው በገበያ የሚሸጥ አክሲዮን አይደለም። ይሁን እንጂ ከላይ የተዘረዘሩት ጥያቄዎች በእርሱም ላይ ይሠራሉ፤ ጭነቱ፣ ዕዳው፣ ፈቃዱ፣ ተወዳዳሪው፣ የጥገናው ነገር። ከጭሮ ተራራ ላይ ቆሞ ወደ ቆላው የሚያይ ሰው ባቡሩ ማለፉን ይመለከታል። ስንት ፉርጎ ጭኖ እንዳለፈና የዚያ ጭነት ገቢ ለማን እንደሚከፈል ግን ከተራራው ላይ አይታይም፤ ወርዶ መቁጠር ያስፈልጋል።